ከድንበሩ አንድ ስንዝር

አንድ አናጺ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። ደሴ ከተማ ውስጥ በሩ አልዘጋ፣ መስኮቱ አልገጥም ያለው ሰው ሁሉ «ይርዳውን ጥሩልኝ» ይላል። ይህ ሰው አንድ ቀን በጃፓን አገር ቤት ያለ ምስማር እንደሚሠራ ሰማ። እንጨት ከእንጨት ጋር ተቆላልፎ ብቻ መቶ ዓመት ይቆማል አሉት። ከዚያ ወዲህ ምስማር በመታ ቁጥር የሚያፍር ሰው ሆነ።

ሲያጠያይቅ ቆይቶ፣ በዚያ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ ለሚኖሩ ኩራታ ለሚባሉ ሽማግሌ አናጺ ደብዳቤ አስጻፈ። መልሳቸው አጭር ነበር። «መጀመሪያ መጥተህ አንድ ዓመት ቋንቋችንን ተማር። ከዚያ እጠይቅሃለሁ፤ ካለፍህ እቀበልሃለሁ። ቤት የምንሠራው ለሰው ነው፤ ከሰው ጋር መነጋገር ለማይችል መጋዝ አላቀብልም» ይላል። ይርዳው መጋዙንና መላጊያውን ለወንድሙ አስረከበ። ለሸኙት ሁሉ «ሙያውን ሳልይዝ አልመለስም» ብሎ ሄደ። እንዲህ ብሎ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ ሰፈሩ ምን እንደሚለው እሱም አላጣውም።

እዚያ እንደደረሰ፣ ስድስት ቤቶች ፊት ለፊትና ጎን ለጎን በቆሙበት ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት ተከራየ። በገባበት ቀን ወለሉን ወለወለ፣ እናቱ የቋጠሩለትን ቆሎ በሰሃን አቀረበና ጎረቤቶቹን ተቀምጦ ጠበቀ። በእሱ አገር አዲስ ሰው ሰፈር ሲገባ ዳቦውን ይዞ የሚመጣው ነባሩ ነው፤ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ቤቱን የደስታ ያድርግልህ» ብሎ የሚመርቀውም ነባሩ ነው። አዲስ የገባ ሰው በየደጁ እየዞረ ቢያንኳኳ «ምን ፈልጎ ነው?» ይባላል።

አንድም ሰው አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሰባት ቀን ጠበቀና ቆሎውን ብቻውን በላው። ሆድ ባሰው። «እነዚህ ሰዎች ልባቸው ቀዝቃዛ ነው» አለና በሩን ዘግቶ መጽሐፉን ከፈተ።

መቼም ትጋቱን መካድ አይቻልም። ቃላቱን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ግድግዳው ሲሞላ ወደ ጣሪያው ወጣ። በቋንቋ ትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣ። ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚነገር፣ ለእኩያ እንዴት እንደሚነገር፣ ስንት ዓይነት ይቅርታ እንዳለ ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል። የጎደለው «ይቅርታ» ብሎ የሚያናግረው ሰው ብቻ ነበር።

ከሁሉም ያስከፉት የቀኝ ጎረቤቱ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው ይወጣሉ፣ ቅጠል ወደቀም አልወደቀም ደጃቸውን ይጠርጋሉ። እየጠረጉ ወደ ይርዳው ደጅ ይጠጋሉ፣ ይጠጋሉ፣ ከዚያ ያቆማሉ። እሱ በመስኮት ያያቸዋል። «የኔን ደጅ ቢጨምሩት ክንዳቸው ይዝል ነበር?» ይላል ለራሱ። ይወጣና አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይመልሳሉ። ዓመቱ በዚህ አለቀ።

የፈተናው ቀን ሲደርስ ይርዳው ልብሱን ተኩሶ ኩራታ ፊት ቀረበ። ሽማግሌው ስለ አገሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙያው ጠየቁት። እሱም አንዲት እንከን በሌለበት ንግግር መለሰ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዳመጡት።

«ቋንቋህ ያማረ ነው» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በቀኝህ ያለው ቤት የማን ነው?»

«የአንዲት ባልቴት ነው።»

«ማን ይባላሉ?»

የይርዳውን ጣሪያ የሸፈኑት ቃላት አንዳቸውም አልደረሱለትም።

«አላውቅም፣ መምህር። ዓመት ሙሉ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው የለም።»

«አንተስ ሄደህ የጠየቅኸው ሰው አለ?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ከወር በኋላ ተመለስ፤ ይህንኑ እጠይቅሃለሁ። ያኔም ካላወቅህ ወደ አገርህ ብትገባ ይሻልሃል» ብለው ሸኙት።

እንግዲህ አንድ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግቶ ኖሮ «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ ማንኳኳት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ይርዳው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሦስት ቀን ከበሩ እየወጣ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን፣ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ገብስ ገዝቶ ቆላ። ቆሎውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ሄዶ አንኳኳ።

«ይርዳው እባላለሁ። ከጎንዎ ነኝ» አለ በሩ ሲከፈት። «ዘግይቼ መጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ባልቴቷ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ሺሞዳ እባላለሁ» አሉት። «በእኛ ዘንድ አዲስ የገባ ሰው ነው በየደጁ ዞሮ ‹መጥቻለሁ› የሚለው። አንተ ስትቀር፣ እንግዳው ብቻውን መሆን ይወዳል ብለን እንዳናስቸግርህ ዝም አልን።»

«በእኛ ዘንድ ደግሞ ነባሩ ነው የሚመጣው። እኔ ቆሎ አቅርቤ ሰባት ቀን ጠበቅኋችሁ።»

«እኔም የእንግዳ ስኒ አጥቤ ጠበቅሁህ።»

ሁለቱም ሳቁ። ባልቴቷ ቋጠሮውን ፈትተው አሸተቱ። «ይህንን እኛ ቆልተን በውኃ አፍልተን እንጠጣዋለን፣ እናንተ ትበሉታላችሁ?» ብለው ተገረሙ። አንዲት ፍሬ ቀምሰው «ይህ ጥርስ ላለው ነው» አሉና ጥቂቱን ፈላ ውኃ ውስጥ ጨመሩት። እሱ ቆረጠመ፤ እሳቸው ጠጡ።

ይህ አደፋፈረውና ይርዳው የሆዱን አወጣ። «አንድ ነገር ግን አስከፍቶኛል። ጠዋት ሲጠርጉ የእኔ ደጅ ጋ ሲደርሱ ድንበሩ ላይ ያቆማሉ።»

ወይዘሮ ሺሞዳ ብድግ ብለው ወደ ደጅ ወሰዱት። «ድንበሩ የቱ ነው?»

«ይህ የድንጋይ መስመር።»

«የጠረግሁትስ እስከ የት ነው?»

ይርዳው ቁጢጥ ብሎ አየ። ንጹሑ መሬት ድንጋዩን አልፎ ወደ እሱ ደጅ ገብቷል። መዳፉን ዘርግቶ ለካው። አንድ ስንዝር ነው።

«ድንጋዩ ላይ ባቆም ጎረቤት የለኝም ማለቴ ይሆናል» አሉት። «ሁሉንም ብጠርግልህ ደግሞ ነገ የእኔን ሁሉ መጥረግ ግድ ይሆንብሃል፤ ሸክም እጭንብሃለሁ። ስለዚህ ትንሽ አልፌ አቆማለሁ። ‹አለሁልህ› ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት እልህ ነበር።»

የጣት ውፍረት የማትሞላ ጥመት ከሩቅ የሚያይ አናጺ፣ ዓመት ሙሉ ደጁ ላይ የተቀመጠለትን ስንዝር አላየም። ይርዳው በጣም አፈረ። ቀዝቃዛ ያላቸው ሴትዮ ክረምት ከበጋ ሲያነጋግሩት ኖረዋል፤ ዝም ያለው እሱ ነው።

በማግስቱ ማልዶ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ደጁን ጠረገ፣ ድንጋዩን አልፎ ወደ እማማ ሺሞዳ ደጅ አንድ ስንዝር ገባና አቆመ። ባልቴቷ ሲወጡ አዩት፣ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ቀን ግን ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቆመው ስለ እናቱ ጠየቁት። በዚያው ሳምንት ቆሎውን እየቋጠረ የቀሩትን አራት ቤቶች አዳረሰ። መጽሐፉን አልጣለም። መጽሐፉ ባይኖር ባልቴቷ ደጅ ላይ ያሉት መቼ ይገባው ነበር? ግን የለጠፋቸውን ቃላት ከሰው አፍ በሰማቸው ቁጥር አንድ በአንድ ከግድግዳው አነሳቸው፤ የዚያን ጊዜ ገቡት።

ወሩ ሲሞላ ኩራታ ያንኑ ጠየቁት።

«ሺሞዳ ይባላሉ» አለ ይርዳው።

«ምን አስተማሩህ?»

ይርዳው ስለ መጥረጊያውና ስለ ስንዝሩ ነገራቸው። ሽማግሌው ሲሰሙ ቆዩና ከጎናቸው ሁለት እንጨት አንስተው እንደ ምላስ የወጣውን የአንዱን ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ከተው አቆላለፉ። እንጨቶቹ ያለ ምስማር ተያዙ። «ምላሱ ካልገባ ይወድቃል፤ ከልክ በላይ ከገባ ጓደኛውን ይሰነጥቀዋል» አሉ። «ይህን ለአዲስ ተማሪ ለማስረዳት ሦስት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር። ሴትዮዋ አቃለሉልኝ።»

ከዚያም መጋዙን አቀበሉት። «ነገ በጠዋት ና» አሉት። «ደጅህን ጠርገህ ግን።»

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። የሰው ቋንቋ በአፉ ብቻ አይነገርም። ማን ቀድሞ እንደሚያንኳኳ፣ እጅ እስከ የት እንደሚዘረጋና የት ላይ እንደሚቆም፣ ይህ ሁሉ ንግግር ነው። መጽሐፍ ቃሉን ይሰጠናል፤ ትርጉሙን ለማግኘት ግን ወጥቶ ማንኳኳት ያስፈልጋል። «ልቡ ቀዝቃዛ ነው» ብለን የተውነው ሰውም በራሱ ቋንቋ ሲያነጋግረን ኖሮ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ነገ ጠዋት በርዎን ሲከፍቱ ጎንበስ ብለው ይዩ። ጎረቤትዎ የጠረገው እስከ የት ነው?