ሃያ ስድስት አውራ ጣት

አንዲት ሴት ነበረች፣ ወገኖቼ። በአንዲት ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። የክሎሪኑ መጋዘን ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም። አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ "ምን ነክቶሽ ነው?" ተብላ አታውቅም። በዚህም ትኮራለች። ትኩራ! በሥራው የሚኮራ ሰው ደስ አይላችሁም? እኔን ደስ ይለኛል።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በስልካቸው የሥራ ግሩፕ አላቸው። ትእዛዙም፣ ሪፖርቱም፣ የእንኳን ማርያም ማረችሽውም እዚያው ነው። ኮረብታው ላይ ያለውን የውሃ ታንከር የሚጠብቁት ጋሽ ወንድይፍራው መጻፍ ስለማይሆንላቸው በድምፅ ነው የሚልኩት። አንድ ማለዳ፣ "ልጆቼ እንዴት አደራችሁ? ክሎሪን አልቆብኛል። ዛሬውኑ አምጡልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ።

እንግዲህ ሽማግሌ ተናግሮ ዝም ይባላል? ነውር ነው! ስለዚህ አንዱ ያቺን የ"እሺ" ምልክት፣ አውራ ጣት፣ አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። ሾፌሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ቧንቧ ጠጋኞቹ፣ ሁሉም! ሃያ ስድስት አውራ ጣት። የእኛይቱም ሴት ድምፁን እንኳ ሳትከፍት አውራ ጣቷን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከቀትር በኋላ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው።

"ልጄ፣ ሃያ ስድስት ሰው እሺ ብሎኛል። በየት በኩል እየመጣችሁ ነው?"

ሳቃችሁ አይደል? እሷ ግን አልሳቀችም። ያኔ ድምፁን ከፍታ ሰማችና ከወንበሯ ብድግ አለች። ሽማግሌው "ክሎሪን ያልገባበት ውሃ ለሰው አላጠጣም" ብለው መስመሩን ዘግተው፣ ምሳም ሳይቀምሱ በር በሩን ሲያዩ ነው የዋሉት። ላይ ሰፈር ሙሉውን፣ ጤና ጣቢያው ጭምር፣ ጠብታ ውሃ የለም።

አጠገቧ የምትቀመጠው ሙሉነሽ፣ "ምን አስደነገጠሽ? ሃያ ስድስታችንም ነን እኮ! በሾፌር ላኪላቸውና ዝም በይ። ማን ይጠይቅሻል?" አለቻት።

እውነቷን ነው። ማንም አይጠይቃትም ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ስሟም ሳይነካ ይኖር ነበር። ግን ቁልፉ የማን አንገት ላይ ነው? ንገሩኝ፣ የማን አንገት ላይ ነው?

የክሎሪኑን ባልዲ ራሷ ተሸክማ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ስትደርስ ሰፈርተኛው ጄሪካኑን ደርድሮ ሽማግሌውን ያብጠለጥላል። "አንቀላፍተው ነው እንጂ!" ይላል አንዱ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሴትዮዋ መሃል ገባች።

"እሳቸውን ተዉአቸው! ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ እሺ ብዬ ቀረሁ።"

ከዚያም ስልኳን አውጥታ ያንኑ ቃል በግሩፑ ላይ በድምፅ ደገመችው። ሥራ አስኪያጁም ግሩፑ ውስጥ አለ። ስሟ፣ ያ የምትኮራበት ስሟ፣ በገዛ አፏ ተነካ።

ጋሽ ወንድይፍራው ግን ግንባሯን ሳሟት። "እሰይ የኔ ልጅ! ዛሬ ነው የኮራሁብሽ" አሉ። ክሎሪኑ ገባ፣ ጊዜውን ጠበቁለት፣ ውሃውም ተለቀቀ።

በማግስቱ በግሩፑ "ታች ሰፈር ቧንቧ ፈንድቷል" የሚል መጣ። አንድም አውራ ጣት አልታየም። "እኔ፣ ደምሰው፣ እየሄድኩ ነው" ብሎ ጻፈ አንዱ። አያችሁ? አንዲት ሴት በስሟ ብትቆም መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በስሙ መቆም ጀመረ። እኔ እንደዚህች ባለች ሴት እኮራለሁ። ተነሥቼ ወንበሬን እለቅላታለሁ!

ወገኖቼ፣ እኛስ? የእኛም የጸሎት ግሩፕ አለ አይደል? የእኛ አውራ ጣት "አሜን" ነው። ባለፈው ሳምንት እማማ አስካለ፣ "ወገቤን ተይዤ ተኝቻለሁ፤ ቅዳሜ መጥታችሁ ጸልዩልኝ" ብለው ላኩ። አርባ ሦስት አሜን ቆጠርኩ። አንዱ የእኔ ነው። ቅዳሜ አለፈ፤ አገልጋያችሁ ሆኜ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ እያለ፣ እኔም ቀረሁ።

ትናንት አፍሬ ሄድኩ። ቤታቸው ወንበር በወንበር ሆኗል። "ምነው እማማ?" ብላቸው፣ "ቅዳሜ አርባ ሦስት ሆናችሁ ትመጣላችሁ ብዬ ከጎረቤት አስመጥቼ ነው" አሉኝ።

ወንበሮቹ ዛሬም አልተመለሱም። አሜን አትበሉኝ። ማነው ከእኔ ጋር የሚሄደው? ስሙን ይንገረኝ።