ድፍን ቀንድ

ከሾላ ገደል መንደር በላይ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው ዳገት ላይ አንዲት ጉብታ አለች፤ ስሟ ድፍን ቀንድ ነው። ኅዳር በገባ ቁጥር በዚያ የሚያልፍ ሁሉ፣ የቸኮለ ነጋዴ እንኳ ሳይቀር፣ ከወንዙ አንድ እፍኝ ጭቃ ይዞ ወጥቶ ይለጥፍባታል። ለምን ቢሉት «አፉ እንዳይከፈት» ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ለጥፌአለሁ፤ እስካሁን ጭቃው እጄን ሲነካኝ ያስፈራኛል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ የኅዳር በሽታ አገሩን ባዳረሰበት ዘመን የመንደሩ መርዶ ነጋሪ አያ እንግዳሸት የሚባል ሰው ነበር። ሰው ሲሞት ከዚያ ዳገት ላይ የአጋዘን ቀንዱን ይነፋል፤ ቀንዱን ሰምቶ ከቀብር የቀረ በተራው ቀባሪ አያገኝምና፣ የታመመው እንኳ በሰው ተደግፎ ይወጣ ነበር። ቀብረው ሲመለሱም ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ከአንድ ሰፌድ ንፍሮ ይዘግናሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ሞተ፣ በሦስተኛው አራት፣ በሳምንቱ ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ ጠፋ። እንግዳሸትም ሰኞ ሬሳ የተሸከሙት ሐሙስ ሲወድቁ አይቶ፣ ሰዉን ለሞት የሚሰበስበው የራሱ ትንፋሽ መሆኑ ገባው ይባላል።

በማግስቱ ማለዳ የገዛ ሚስቱ ትጓደድ ሞተች። እንግዳሸት ቀንዱን አላነሣም። ብቻውን ቆፍሮ፣ በቁርበት ጠቅልሎ አፈር ሲመልስባት ወንድሟ ካሳዬ ከማዶ አይቶት እየሮጠ መጣ።

«እህቴን እንደ ውሻ ትቀብራታለህ? ቀባሪ አሳጣኻት!»

«አትጠጋኝ ካሳዬ! እሷ ቀባሪ ያጣችው አንተ ቀባሪ እንዳታጣ ነው። ሂድ፣ ደጅህን ዝጋ፣ ልጆችህን ያዝ።»

ካሳዬ እየረገመው ሄደ፤ መንደሩም ሰምቶ ረገመው። ሆኖም ቀንዱ ካልተነፋ የሚወጣ የለምና ሰው በየቤቱ ተከተተ። ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ሳይታወቅ ጆሮን ወደ ዳገቱ አቅንቶ መዋሉ ከመርዶው ይብስ ነበር ይላሉ።

እንግዳሸትንም ትኩሳቱ ያዘው። እንደሚነገረው፣ ከሞቱ ይልቅ የፈራው፣ ሲቃዥ ሰው ናፍቆት ቀንዱን እንዳይነፋው ነው። ስለዚህ ልቡ ሳይስት ወደ ወንዙ ወረደ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የተረፉት ብቅ ሲሉ ዳገቱ ላይ ሞቶ አገኙት። ቀንዱ ከከንፈሩ አልተለየም፤ ነገር ግን ውስጡ እስከ ጫፉ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ጭቃው ላይ የጥፍር ጭረት ነበረ፤ ሊከፍተው ታግሏል። ካሳዬ ያን ጭረት ባየ ጊዜ እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እዚያው ከነቀንዱ ቀበረውና የመጀመሪያውን እፍኝ ጭቃ ለጠፈ።

በሾላ ገደል ዛሬም ለሞተ ሰው ቀንድ አይነፋም። እኔ የዚያ የካሳዬ ልጅ የልጅ ልጅ ነኝ። ጉብታዋ ላይ የለጠፍነው ጭቃ በበጋው ፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የጥፍር ጭረት ይመስላል፤ ኅዳር ሲመጣ እንደገና ወደ ወንዙ እንወርዳለን።