እመት ጃርት ሽማግሌ የተቀበለች ለት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ ነው? ዛሬ በረቱን ለላሞቹ ተዉላቸውና ከእኔ ጋር ጎንበስ በሉ፤ ጎሬ ልንገባ ነው። ራሳችሁን እንዳትመቱ።

ድሮ ድሮ፣ ቁንጫ ጤፍ ተጭና ገበያ በምትወጣበት ዘመን፣ ተራራውም ገና ሕፃን ሆኖ በዳዴ በሚሄድበት ጊዜ፣ እመት ጃርት የምትባል ባልቴት ነበረች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ወስፊቱ ትባላለች። ወስፊቱ ቆንጆ ናት። ምን ያህል ቆንጆ? እሾኋ ሲያበራ ጨረቃ አፍራ ደመና ትከናነባለች። ግን ማን ይጠጋታል? የእናቲቱን እሾህ ፈርቶ፣ እንግዳ የሚባል ፍጥረት የዚያን ጎሬ ደጅ ረግጦ አያውቅም። እንግዳ ከሌለ ደግሞ ዕቃ ለማን ይገዛል? ወንበር የለም፣ ማሰሮ የለም፣ መሶብ የለም። ቤቷ ውስጥ ያለው ጨለማ ብቻ ነው፤ እሱንም ደግነቱ ማንም አይሰርቀውም።

ታዲያ አንድ ቀን ወፍ መልእክት ይዛ መጣች።

«እመት ጃርት! ያ ምስጥ በሊታ ጉድጓድ ቆፋሪው አቶ አዋልዲጌሳ ለልጁ ለቆፍራቸው ወስፊቱን ሊያስጠይቅ ሦስት ሽማግሌ ልኳል። ነገ ይደርሳሉ!»

«ነገ?» አለች እመት ጃርት፤ እሾኋ ሁሉ ቀጥ አለ። «ምነው አስቀድሞ ቢነገረን?»

«አስቀድመውማ ተነሥተዋል። አያ ኤሊ አብረው ስላሉ፣ ጉዞ የጀመሩት ሙሽራው የተወለደ ለት ነው» ብላ ወፏ በረረች።

እመት ጃርት ራሷን ያዘች። «ወዮ ልጄ! ሽማግሌ ባዶ ቤት አይቶ ከተመለሰ ወሬው አገር ያዳርሳል። ሁለተኛ የሚጠይቅሽ የለም። ቆመሽ መቅረትሽ ነው!»

«ታዲያ ምን ይሻላል እማዬ?»

«ቤት ማሰናዳት ነዋ!»

መጥረግ ጀመረች። በመጥረጊያ ጠረገች፣ በጅራቷ ጠረገች፣ በጀርባዋ ጠረገች። ከመጥረጓ ብዛት ተራራው ከሳ ይባላል። ወለሉን በእበት ለቀለቀች፣ ቄጤማ ጎዘጎዘች። ወደ ጎረቤት ገበሬ ማሳ ጎራ ብላ ድንች አመጣች፤ ገበሬው ተኝቶ ስለነበር ሳትሰናበተው ወጣች። ድንቹን በረመጥ አበሰለች፣ ቅጠል ላይ አድርጋ በቅቤና በሚጥሚጣ ፈተፈተች። ቀና ብላ ቤቷን ስታይ ንጹሕ ነው። ንጹሕና ባዶ።

«እንግዳ በምን ይቀመጥ? በምን ይጠጣ? በምን ይብላ?» ብላ ለውሰት ወጣች።

ከጥንቸል ቤት በርጩማ ተዋሰች። ከጦጢት ቤት ጠላ የሞላ ማሰሮ ከነዋንጫው ተዋሰች። ከአያ ጅቦ ቤት መሶብ ተዋሰች። አያ ጅቦም «ስትመልሺው እንዳታጥቢው፤ እኔ እልሰዋለሁ» አላት።

ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ዕቃ አፍ ነበረው። አፍ ብቻም አይደለም፣ አመልም ነበረው። አመሉም የባለቤቱ ነው።

እመት ጃርት ፍትፍቱን መሶቡ ውስጥ ሞላችና ዕቃዎቹን ሰበሰበች። «አደራችሁን! እኔ በእሾሄ እንግዳ እንዳልወጋ ጓዳ እደበቃለሁ። እናንተው አስተናግዱልኝ።»

«ች-ችግር የለም!» አለ በርጩማው፣ ወዲያ ወዲህ እየተገላመጠ።

«ለእኔ ተይው!» አለ ማሰሮው እየሳቀ።

መሶቡ ምንም አላለም፤ አፉ ሙሉ ነበር።

በማግስቱ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደረሱ። ከፊት አባ ጉሬዛ፣ ያንን ነጭ ካባቸውን አንዠርግገው። ቀጥሎ አያ ከርከሮ፣ ጋቢ ተከናንበው። ከኋላ አያ ኤሊ፣ ገና እየደረሱ።

«ኖር!» አሉ በርጩማውም፣ ማሰሮውም፣ መሶቡም።

«በእግዜር!» አሉ አባ ጉሬዛ። ግራ ቢያዩ ማንም የለም፤ ቀኝ ቢያዩ ማንም የለም። «ባለቤቲቱስ?»

«አለች፣ አለች! ብቻ ተቀመጡ!» አለ በርጩማው።

ከሁሉ የደከሙት አያ ኤሊ ናቸው። በርጩማው ላይ እስኪወጡ ጥላ ዞረ። ልክ ወጥተው «እፎይ» ሲሉ ደጅ ላይ አንዲት ቅጠል ጠብ አለች። በጥንቸል ቤት ቅጠል ወደቀች ማለት ነብር መጣ ማለት ነው። «መጡብን!» ብሎ በርጩማው በሦስት እግሩ ፈረጠጠ፤ አያ ኤሊን እንደተሸከመ! ቁልቁለቱን ወረደ፣ ወንዙን ዘለለ፣ ተራራውን ዞረና በጓሮ በኩል ተመልሶ ገባ።

አያ ኤሊ አንገታቸውን ቀስ አድርገው አወጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሄድኩት መንገድ ይህን አያህልም» አሉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «እንደገና ይሄዳል?» ብለው ጠየቁት።

እመት ጃርት በጓዳው ቀዳዳ አይታ ከንፈሯን ነከሰች። «ግድ የለም፤ ጠላው ይክሳቸዋል» አለች በልቧ።

አያ ከርከሮ ዋንጫውን ይዘው ወደ ማሰሮው ጎንበስ አሉ። በጦጢት ቤት ደግሞ በመጣው ሰው መሳቅ እንደ ሰላምታ ነው።

«ውይ!» አለ ማሰሮው፤ «ይሄ ፊት ነው ወይስ የተጣለ ማረሻ?»

«ምን አልክ?»

«ጥርስዎን ነው አባቴ። ካፍዎ ወጥተው ወዴት ሊሄዱ ነው?»

አያ ከርከሮ ጎፈራቸው ቆመ። «እኔ እንዲህ የምባል ሰው ነኝ?»

«ሰውስ አይደሉም» አለ ማሰሮው። በራሱ ቀልድ ሲንከተከት ተንከባለለ፤ ጠላው ሁሉ ፈሰሰ። ቄጤማው ሰከረ።

ጓዳ ውስጥ ወስፊቱ እንባዋ መጣ። «እማዬ፣ ውጪና አነጋግሪያቸው እንጂ!»

«ዝም በይ ልጄ! በዚህ እሾህ ወጥቼ ብወጋቸውማ አበቃልን። መሶቡ አለ። መሶቡ ኮስታራ ነው፤ አያሳፍረንም።»

እውነትም መሶቡ ኮስታራ ነበር። ክዳኑን ከፈት አደረገ። የፍትፍቱ ሽታ ወጣ። የአባ ጉሬዛ ሆድ ከማጓራቱ የተነሣ በማዶው ሰፈር ሰዎች ዝናብ መጣ ብለው ስጥ አነሡ።

«ብሉ» አለ መሶቡ።

አባ ጉሬዛ ጨዋ ናቸው። ጨዋ ብላ ስላሉት ዘሎ አይበላም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «የለም የለም፣ በልተን ነው የመጣነው» አሉ።

«እንግዲያው ጥሩ» አለ መሶቡ። ጥርቅም!

ምን ያድርግ? ያደገው አያ ጅቦ ቤት ነው። በዚያ ቤት «በልቻለሁ» የሚል ፍጥረት ተሰምቶ አይታወቅም።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዚያ አገር ሽማግሌ እህል ሳይቀምስ የመጣበትን ነገር አያነሣም። አባ ጉሬዛ ዱላቸውን አነሡ። «በሉ እንሂድ። አልተፈለግንም።»

«እማዬ! ሄዱ! ሄዱ እኮ!»

እመት ጃርት ይህን ስትሰማ እሾህ አላሰበች፣ እፍረት አላሰበች። ከጓዳው ዱብ አለች።

«ክፈት!» አለችው መሶቡን።

«በልተናል ብለዋል።»

«አንተ የጅብ ቤት ጉድ! እንግዳ ‹በልቻለሁ› ሲል ርቦታል ማለት ነው! ሁለተኛ ሲል በጣም ርቦታል ማለት ነው! ሦስተኛ ከደገመውማ ነፍሱ ልትወጣ ነው!»

አባ ጉሬዛ አንገታቸውን ደፉ። «እንደው… እውነቷን ነው» አሉ።

እመት ጃርት ክዳኑን በጥርሷ ነቅላ ጣለች። መሬት ቁጭ አለች። ከፍትፍቱ የሕፃን ራስ የምታህል ጉርሻ ጨበጠች።

«በሞቴ!»

«የለም፣ በልተን…»

«አፈር ስሆን!»

«ኧረ ግድ የለም…»

«ወስፊቱ ትሙት!»

«ኧረ እማዬ!» አለች ወስፊቱ ከጓዳ።

አባ ጉሬዛ አፋቸውን ከፈቱ። ጉርሻው ገባ፤ አብሮም የእጇ እሾህ ከንፈራቸውን ጫር አደረጋቸው። እመት ጃርት ደንግጣ ልትሸሽ ስትል እጇን ያዟት። «ተይው እመት ጃርት፤ ሚጥሚጣ አንሶት ነበር» አሉ።

ይህን ያዩት ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም ለመጉረስ መሬት ሊቀመጡ ተሻሙ። አያ ከርከሮ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝቅ ሲሉ፣ ጋቢው ቄጤማውን አየና «በእእእ!» አለ። ዘርፉን ዘርግቶም መጋጥ ጀመረ።

ሁሉም ጋቢውን ትክ ብለው አዩት።

«እህ…» አሉ አያ ከርከሮ፣ «ከበግ ቤት ነው። ለክብር ብዬ ተውሼው ነው።»

ሁሉም ወደ አባ ጉሬዛ ካባ ዞሩ። «የእኔ የእኔው ነው!» አሉ አባ ጉሬዛ። «ባይሆንስ፣ ቆዳዬ ላይ የበቀለውን ለማን እመልሳለሁ?»

እመት ጃርት በሳቅ ተንፈራፈረች። «እኛስ ብትሉ! በርጩማው የጥንቸል፣ ማሰሮው የጦጢት፣ መሶቡ የአያ ጅቦ ነው! የእኔ የምለው ድንቹን ብቻ ነው።» ትንሽ አሰብ አደረገችና «እሱም የገበሬው ነው» አለች።

«እንዲህ ከተመሳሰልንማ ሳንጋባስ ዘመድ አይደለንም ወይ?» አሉ አባ ጉሬዛ። ብድግ ብለውም «ልጅሽን ወስፊቱን ለልጃችን ለቆፍራቸው ስጪን» አሉ።

ወጉ «ዘመድ ላማክር፣ ሂዱና ተመለሱ» ማለት ነው። እመት ጃርትም ልትለው አፏን ከፈተች። ያኔ ዓይኗ አያ ኤሊ ላይ አረፈ። እሳቸው ሄደው እስኪመለሱ ወስፊቱ ጥርሷ ረግፎ፣ ቆፍራቸውም ምርኩዝ ይዞ ታያት። አፏን ዘጋች። መልሳ ከፈተችና፦

«ሰጥቻለሁ!» አለች።

«እልልልል!» አለ ጓዳው። ማን እንዳለው አልናገርም፤ ሙሽራ አይታማም።

ከዚያ ወዲያ የእመት ጃርት ጎሬ እንግዳ አጥቶ አያውቅም። አሁንም ወንበር የለም፣ አሁንም መሶብ የለም፤ ግን እዚያ ቤት «በልቻለሁ» ብሎ የሚታመን እንግዳ የለም።

እንግዲህ ስሙኝ፦ በርጩማ ይዋሳሉ፣ ማሰሮ ይዋሳሉ፣ መሶብ ይዋሳሉ፤ «በሞቴ»ን ግን የሚያውስ ጎረቤት የለም።

ተረቴንም አውሻችኋለሁ፤ ስትመልሱ ባዶዋን አትመልሱ፣ ዳቦ ጣል አድርጉባት።