ቅናት ያጠፋው ምርቃት

አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ደምመላሽ የሚባል ሰው ነበር። ይርዳው የሚባል ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ አጠገቡ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ደንበኛው ሁሉ ይርዳው በር ላይ ይሰለፋል። ለምን ቢሉ፣ ትልቅ ቪዲዮ አልቀበልም ያለን ፍላሽ፣ በውስጡ ያለው አንድም ነገር ሳይጠፋ፣ ትልቁን እንዲቀበል አድርጎ ይለውጥላቸዋል። ወደ ደምመላሽ የሚመጡ ደንበኞች "እንዴት እንደሚያደርገው እኮ..." ብለው ሊነግሩት ሲጀምሩ፣ "የዚያን ጉረኛ ስም እዚህ ቤት አታንሱብኝ" እያለ አፋቸውን ያስዘጋቸዋል።

የልጁ የትርሲት ሠርግ ደረሰ። ለመልሱ ቀን የሠርጉን ሙሉ ቪዲዮ፣ ቀጥሎም እናቱ ከመሞታቸው በፊት "ለትርሲት ሠርግ አሰሙልኝ" ብለው ያስቀረጹትን ምርቃት ሊከፍት አሰበ። ምርቃቱ ያለው አንዲት ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ቪዲዮውንም እዚያው ሊጭን ሲሞክር ፍላሿ ባዶ ቦታ እያላት "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ብላ እምቢ አለች።

ሚስቱ አስካለ፣ "ይርዳውን ጠይቀው እንጂ፤ የሚለያችሁ ግድግዳ ነው" አለችው።

"እሱን ከምለምን ሞቼ ልገኝ።"

"ኧረ ተው አንተ ሰው፣ የእማማ ድምፅ ነው ያለው።"

"እሱ የሚችለው እኔን አያቅተኝም" አለና ትልቅ ፋይል የሚቀበለውን ዓይነት መርጦ ፎርማት የሚለውን ነካ። ኮምፒውተሩ እንኳ "ያለው ሁሉ ይጠፋል" ብሎ አስጠነቀቀው። እሱ ግን ይርዳውም ይህንኑ ነክቶ የሚያልፍ መሰለውና እሺ አለ። ቪዲዮው ገባ። ምርቃቱን ሲፈልግ የለም።

ያን ጊዜ እየሮጠ ይርዳው ዘንድ ሄደ። ይርዳው ምርቃቱን ለመመለስ ብዙ ሞከረ።

"ጋሽ ደምመላሽ፣ ቪዲዮው ላዩ ላይ ስለተጻፈበት አልመለስ አለኝ። የምርቃቱን ግልባጭ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ፎርማት ሳያደርጉ ኮምፒውተሩ ላይ በሚጻፍ አንድ መስመር ትእዛዝ ፍላሿን መለወጥ ነበር። እኔ ለመጣ ሰው ሁሉ እያሳየሁ ነው የምሠራው። እርስዎ ጋ የሚመጡትም ያውቁታል። አልነገሩዎትም?"

ደምመላሽ ፍላሿን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በመልሱ ቀን አማቾች ቪዲዮውን አይተው አጨበጨቡ። ትርሲት ከሙሽራው ጎን ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "አባዬ፣ አሁን የአያቴን ምርቃት ክፈተው" አለች። እንግዳው ሁሉ ለምርቃቱ ቆመ። ደምመላሽ አንገቱን ደፋ።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አላት።

ወዳጆቼ፣ ቅናት የጎረቤትን ሙያ አይቀንስም። የሚቀንሰው የእኛን ጆሮ ነው፤ ሊያድነን የመጣውን ምክር ከበር ይመልሳል፣ ጉዳቱ ደግሞ ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ ያርፋል። እናንተስ፣ ስሙ እንዳይነሳባችሁ የከለከላችሁት ሰው ማን ነው?