ንጉሡ የነካካው የድንጋይ ክምር

አንድ ንጉሥ ነበረ። አገሩ ትንሽ ናት። ከተራራው ማዶ ያለ ጎረቤት ጦር አነሣበት። የጠላት መግቢያ ሁለት ነው፤ የላይኛው በርና የታችኛው በር። ንጉሡ ሰዉን ለሁለት ከፍሎ በሮቹን አስያዘ። በላይኛው በር ላይ ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባል፣ ነገር የማያበዛ የጦር አለቃ አስቀመጠ።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። የሚዘምት ሰው ከቤቱ አንድ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። አንዱ ከአጥሩ ሥር፣ አንዱ ከእርሻው ዳር፣ አንዱ ከምድጃው ያነሣል። በሕይወት ከተመለሰ ድንጋዩን ወደ ቦታው ይመልሳል። ከሞተ ጓደኞቹ ድንጋዩን ለስንቅ ጫኞች ይሰጣሉ፤ እነሱም ይዘው ወርደው በንጉሡ ደጅ ሜዳ ላይ ያኖሩታል። የላይኛው በር ሙታን ድንጋይ ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይከመራል። ቤተሰብ መጥቶ ድንጋዩን ሲያውቀው እዚያው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።

ንጉሡም በየጠዋቱ ወጥቶ ሁለቱን ክምር ያያል። የላይኛው ካደገ ወደ ላይኛው በር ሰውና ዱቄት ይልካል። የታችኛው ካደገ ወደ ታችኛው። ይኸው ነው ሥራው። እንዲህ እያደረገ ጠላትን ብዙ ጊዜ ገታው።

ጦርነቱ ረዘመ፤ ጎተራው ጎደለ። ከሐይቁ ማዶ ያለ አንድ ባለጸጋ ንጉሥ ሰምቶ አዘነ። እህልና ብርድ ልብስ፣ ጎራዴም ጭምር በጀልባ እየጫነ መላክ ጀመረ። የጎደለውን አይቶ የሚነግረው መልእክተኛም ሰደደ።

መልእክተኛው ሊደርስ ሲል የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ወደ ንጉሡ ቀረበ።

«ጃንሆይ፣ ክምሩ አነሰ» አለ።

«ማነሱ ነው ያስከፋህ?»

«እኔንስ ምን አስከፋኝ! ባዕድ ግን የሚሰጠው ባየው ልክ ነው። ትንሽ ካየ ደህና ናቸው ብሎ ለሌላ ይሰጠዋል። ከወንዙ ጥቂት ድንጋይ ብናስጨምርበትስ?»

ንጉሡ ቢያስበው ክፋቱ አልታየውም። ድንጋይ ማንን ይጎዳል ብሎ እሺ አለ።

መልእክተኛው መጣ፤ ክምሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የመጣው ጀልባ እስከ አፉ ሞልቶ መጣ። አዛዡ ካባ ተሸለመ።

ግን ክምሩን ያየው ባዕድ ብቻ አልነበረም። ዱቄቱን ወደ በሮቹ የሚያወጡት ጫኞችም አዩት። አንድ ቀን አድሮ እንዲያ ማደጉን ሲያዩ ልባቸው ራደ። «እዚያ የወጣ ላይመለስ ነው» ተባባሉና በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ጫካ ገቡ። እህሉ በሐይቁ ዳር ተቆልሎ ነቀዝ በላው። በተራራው ላይ ያሉት ሰዎች ጦማቸውን አደሩ።

ንጉሡ ተጨነቀ። አዛዡ ግን ሳቅ አለ።

«ለዚህማ ምን ችግር አለ ጃንሆይ? የጨመረ እጅ መቀነስ ያቅተዋል?»

አሽከሮች ከክምሩ እየጫኑ ወደ ወንዙ ወረወሩ። የትኛው የወንዝ ድንጋይ ነው፣ የትኛው የሞተ ሰው ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ለአሽከር ድንጋይ ድንጋይ ነው። ሕዝቡ ተረጋጋ፤ ከጫኞቹም አንዳንዶቹ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሲታይ ክምሩ ያድጋል፣ ጀልባ ሲሄድ ያንሳል። ንጉሡም በየጠዋቱ መውጣቱን ተወ። ወጥቶ ምን ሊያይ?

ከዕለታት አንድ ቀን ከላይኛው በር ፈረሰኛ መጣ። የፊታውራሪ ጓንጉል ቃል አጭር ነበረች። «ጠላት አዲስ ሰው ጨምሯል። ወይ ሰው ይላኩልኝ፣ ወይ የቀሩትን ይዤ ወደ ታችኛው ሸንተረር ልውረድ። ያሉኝን አደርጋለሁ። ቃልዎ እስኪመጣ አልነቃነቅም።»

ሰው የሚላከው ከታችኛው በር ተቀንሶ ነው። ከዚያ ለመቀነስ ደግሞ እዚያ ስንት እንደ ሞተ ማወቅ ያስፈልጋል። ልኮ ለማስጠየቅ መንገዱ ሩቅ ነው። ንጉሡ አዛዡን ጠራው።

«ከታችኛው በር ስንት ሰው ጎደለብን?»

«ለመልእክተኛው ያሳየነውን ነው ወይስ ለሕዝቡ?»

«ለእኔ ነው የምጠይቅህ!»

አዛዡ መሬት መሬት አየ። «ለጃንሆይማ ያስቀረነው የለም» አለ።

በዚህ መሐል ከደጅ ጩኸት ተሰማ። ትርንጎ የምትባል ሴት ከዘበኞቹ ጋር ትታገላለች። ንጉሡ አስገቧት አለ።

«ጃንሆይ፣ ባሌ በታችኛው በር ነው። ከዚያ የመጣ አንድ ቁስለኛ፣ ባልሽ ሲወድቅ አይቼዋለሁ አለኝ። ድንጋዩ ከወፍጮዬ የተሰበረ መጅ ነው፤ በእጄ የፈጨሁበትን አላጣውም። ክምሩን ስንት ጊዜ ዞርኩት፤ የለም። ድንጋዩ ከሌለ ሰውዬው አለ ማለት ነው። እስቲ ይንገሩኝ፤ ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ?»

አዛዡ ጣልቃ ገባ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምናልባት እዚያው ቆላ ሌላ አግብቶ ይሆናል!»

«አፍዎ ይባረክ!» አለች። «ቤቷን ያሳዩኝ። በሕይወት መኖሩን አይቼ፣ እሷንም ደህና ዋልሽ ብዬ እመለሳለሁ።»

ንጉሡ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ወንዙ ውስጥ ይሆናል» አላት።

ትርንጎ አልጮኸችም። ነጠላዋን ታጥቃ ወደ ወንዙ ወረደች። ወሬው ከቤት ቤት ሄደ። ሚስቶች መጡ፣ እናቶች መጡ፣ ሽማግሌዎችም በምርኩዝ እየወረዱ ውኃ ውስጥ ገቡ። ንጉሡ ከወንዙ ዳር ቆመ። አንዷ ጎንበስ ብላ ታነሣለች፣ ታያለች፣ ትጥላለች። ከዚያ አንዱን አንሥታ ደረቷ ላይ ትይዘዋለች። ያን ጊዜ ንጉሡ፣ «የየትኛው በር ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። «የላይኛው» ትላለች። ሌላዋ፣ «የታችኛው» ትላለች። የታችኛው በዛ። እየበዛ ሄደ። ትርንጎም መጇን አገኘች። ልብሷ እንደ ራሰ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ «እንግዲህ ላልቅስለት» አለች።

ወደ ማታ ላይ ንጉሡ ያላሰበው ነገር ተገለጠለት። ባለቤት የተገኘለት ድንጋይ ለባዕድ ካሳዩት ትልቁ ክምር ይበልጣል። እነሱ ሲጨምሩና ሲቀንሱ ሞቱ ቀድሟቸው ሄዷል። ከታችኛው በር የሚቀነስ ሰው የለም። ፈረሰኛው በዚያው ሰዓት፣ «ውረድ» የሚለውን ቃል ይዞ ጋለበ።

በማግስቱ የሐይቁ ጀልባ ታየ። አዛዡ ከልማዱ አሽከሮቹን ሊጠራ ተነሣ።

«ተው» አለው ንጉሡ። «እንዳለ ይየው።»

መልእክተኛውም መጥቶ፣ «ዛሬስ ምን ጎደላችሁ? ጎራዴ ልጨምር?» አለ።

«ጎራዴው ተርፎናል፤ የሚይዘው ነው የጠፋው። እህልህንም ነቀዝ በልቶታል። ያሳየንህ ክምር የእኛ ሥራ ነበር፤ እውነቱ ከእሱ ይብሳል። ለጌታህ ይህንኑ ንገረው። ቢቻል በቅሎና ጫኝ ይላክልን፤ ባይቻልም አንቀየምም።»

መልእክተኛውም፣ «ይህን ድሮ ብትሉኝ ኖሮ መጀመሪያ በቅሎውን እጭን ነበር» ብሎ ተመለሰ።

ፊታውራሪ ጓንጉል ከተራራው ሲወርድ ሕዝቡ ሊቀበለው ወጣ። ከፊት እሱ አለ፤ ከኋላው ጥቂት ቁስለኞች። ሕዝቡ ሌሎቹን ለማየት መንገዱን ቆሞ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ፊታውራሪው ከንጉሡ ፊት እጅ ነሣ።

«ቃልዎ ደርሶኛል ጃንሆይ» አለ። «እስኪደርስ ግን በሩ ላይ ቆመን ጠበቅነው።»

 

ሙታኑን ለባዕድ የሚያበዛ ያተርፍ ይመስለዋል። ለወገኑ የሚያሳንስም ያረጋጋ ይመስለዋል። ነገር ግን የሞተውን በትክክል ያላወቀ ያለውን ሰው ማዳን አይችልም። ጉዳት ሲደበቅ አይድንም፤ መድኃኒቱ የት መሄድ እንዳለበት ብቻ ይጠፋል። ይህ የንጉሥ ነገር ብቻ አይደለም፤ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ይመለከታል። አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ ለሰው ዓይን ብላችሁ የምታበዙትና የምታሳንሱት ጉዳት የለም? ልኩን የሚያውቅ ከቤታችሁ ማን ቀርቷል?