ሸህ ሙዘይን ሳያሰምሩት የቀሩት መንገድ

ስሟ ይቆየንና፣ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ ሷሊህ፣ ደግ ሰው ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁ ኖረዋል። የተጣሉበትን ቦታ በእግራቸው ሳይረግጡ የማንንም ክስ አይሰሙም ነበር።

በዚያች ከተማ ጦይባ የምትባል ሴት ወንድሟን እብሬን ፍርድ ቤት ከሰሰችው። ከአባታቸው በወረሱት ግቢ እሱ ከፊት፣ እሷ ከጓሮ ይኖራሉ፤ መውጫዋም በእሱ ደጅ ነበር። በልጆች ጠብ ተኳረፉና እብሬ መተላለፊያውን በእሾህ አጠረው። እሷም ሁለት ዓመት በወንዙ ዳገት ስትዞር ከረመች። ቀጠሮው ለሰኞ ነው። እብሬ ደግሞ "ዳኛ ፊት ከቆምን ወዲያ እህት የለኝም" ብሎ ምሏል።

ሸሁ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሶላት እንደተሰገደ ጎረቤታቸውን ሐጂ ከማልን አስከትለው በዚያው ዳገት ወጡ። ጦይባ ደጅ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግቢውን አዩት፣ አጥሩን አዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያካፈሉት እሳቸው ነበሩ።

ሐጂ ከማል ነገሩ ገባቸውና ጠጋ ብለው፣ "ይተዉት ሸህዬ። ተሳሳትኩ ካሉ፣ እስከ ዛሬ ያስታረቁት ሁሉ ነገ ደጅዎ ላይ ይሰለፋል" አሉ።

"ይሰለፍ። አኼራ ላይ ተሰልፎ ከሚጠብቀኝ እዚህ ይሻለኛል።"

ወንድምና እህቱን አስጠሩ።

"ልጆቼ፣ ይህን ግቢ ስናካፍል ከአንድ ትሪ ስትጎራረሱ አይቼ መተላለፊያ ማስመር አሳፈረኝ። እነዚህ ደግሞ መንገድ ምን ያደርግላቸዋል አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውፍ በሉኝ።"

ሊነሱ ሲሉ እብሬ እጃቸውን ያዘ። "ኧረ ሸህዬ! ያጠርኩት እኔ፣ አውፍ በሉኝ የሚሉት እርስዎ?"

"አጥረኸዋል። የምታጥረውን የሰጠሁህ ግን እኔ ነኝ።"

ጦይባ አለቀሰች። "እኔን መንገዱ አይደለም የቆጨኝ። እንስራዬ ከነውሃው ሲሰበር ቆሞ እያየ ዝም አለኝ።"

እብሬ ሄዶ እሾሁን በባዶ እጁ ይነቅል ጀመር።

"ተው፣ እጅህን!" ብላ ሮጠች። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ሸሁ መተላለፊያውን በምርኩዛቸው አሰመሩ፤ አስመስክረውም አጻፉት። ዱዓ አድርገው ሲወጡ እንዲህ አሉ፦ "በፍቅር ጊዜ መንገድ አስምሩ፤ በጠብ ጊዜ ትመለሱበታላችሁ።"

ውድ ወንድምና እህቶቼ፣ ዳኛውም ቢሆን መተላለፊያዋን አይነፍጋትም ነበር። ነገር ግን በሰኞው ችሎት "ተው፣ እጅህን" የምትለው ወንድም ከየት ታገኝ ነበር? እኛ ዛሬ ሽማግሌ ስንመርጥ ለእኛ የሚያደላውን እናፈላልጋለን፤ ያሳዝናል። እንደ ሸህ ሙዘይን ዳገቱን ራሱ ወጥቶ፣ ጥፋቱን ሲያገኘው አውፍ በሉኝ ማለት የማይከብደውን ፈልጉ። በእንዲህ ያለ ሰው ፊት እሾሁን ይዞ መቆየት የሚችል ልብ ጥቂት ነው።