የሹም ተክለ ሐና ዘር ለምን ከደጅ ይቆማል

በግራር አምባ፣ በየዓመቱ ለዳግም ትንሣኤ የእማሆይ ኂሩተ ድንግል መታሰቢያ ሲውል፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሲያስቀድስ ከደጅ የሚቀር አንድ ዘር አለ፤ የሹም ተክለ ሐና ዘር ይባላል፣ እኔም ከዚያው ነኝ። የቅቤ ገንፎ በአገልግል ይዘን ቆመን እንቆይና በአምባው ላለች አራስ እናደርሳለን።

እንደሚነገረው፣ እማሆይ ከገደሉ ሥር በአንዲት ጎጆ የሚኖሩ፣ ሽምብራ ቆርጥመው የሚያድሩ መነኵሲት ነበሩ። በአንድ ሁዳዴ ግን ዕለት ዕለት አገልግል አንግተው ከገደሉ ላይ ወዳለው ዋሻ ሲወጡ ይታዩ ጀመር። የአምባው ሹም ተክለ ሐና ደግሞ ማን ጾመ ማን ገደፈ ሲል የሚውል ሰው ነበር። ልጁ ጽጌ ሳታገባ ብታረግዝ «ብትመለስ በጦሬ ነው» ብሎ አባርሯት፣ ለጎረቤት «ዘመድ ጋ ልኬያታለሁ» ይል ነበር አሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው፤ አያቴ ስለሆነ አፍሬ ነው የምናገረው።

አንድ ዓርብ ሹሙ በዚሁ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቅቤ ሸተተውና እማሆይን አስቆማቸው።

«እማሆይ፣ ይክፈቱት።»

«ተወኝ ልጄ፣ የእኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

እማሆይ ለማንም ላይናገሩ ቃል ገብተው ነበርና አገልግሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። እሱም በእጁ ነጥቆ ከፈተው፤ ገንፎውን ለውሻ ደፍቶ፣ ባዶውን አገልግል ወርውሮላቸው፣ ሕዝቡ እያየ ከአምባው አስወጣቸው። ከሕዝቡም አንድ ሰው እንኳ ተው አላለውም ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ጽጌ ሕፃኗን ታቅፋ፣ የገደሉን ጥግ ይዛ ከዋሻው ወደ አባቷ ደጅ ወረደች። ጦሩንም አባቷንም አልፈራችም።

«እማሆይ አመማቸው እንዴ?» አለች። «ሦስት ቀን ጠበቅኋቸው።»

ሹሙ ያን ጊዜ ከመሬት ቁጭ አለ ይላሉ። ሲፈልጓቸው ከቆላው መንገድ ላይ ሞተው አገኟቸው፤ ቅቤውንም ዱቄቱንም እንደገና ለምነው፣ አገልግሉን ሞልተው፣ ፊታቸውን ወደ አምባው አድርገው ነበር። በገዛ እጁ ቀበራቸው፤ ዘሩም በዕለታቸው ከደጅ እንዲቆም ቃል አስገባ።

ዘንድሮ አገልግሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰዉ በአጠገቤ እያለፈ ሲገባ የቅቤው ሽታ እኔኑ መልሶ ይሸተኛል፣ አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ። ክፈተው ያለኝ ሰው የለም። እኛ ለእሳቸው የነፈግናቸው ይህንኑ አምኖ ማለፍ ነበር።